በሦስት ሰዓት የሄድንበት ለቅሶ

እኅቴ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ታማ ከተኛች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለዚህ እኔ «እትዬ» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ሃምሳ ልደፍን ጥቂት ቀርቶኝ እንኳ «አንች ልጅ» ትለኛለች። የቄስ ሚስት ነበረች። ባሏ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ደባርቅ ላይ የቄስ ሚስትነት ባል ሲሞት አብሮ የሚቀበር ነገር አይደለም። የራሱ አረማመድ፣ የራሱ አነጋገር፣ የራሱ ነጠላ አጣጣል አለው፤ እትዬ ሦስቱንም ታውቅበታለች።

የጤና ጣቢያችን ሲስተር ለእትዬ ስኳሯ ከፍ ማለቱን ነግራት «ጠዋት ጠዋት ይራመዱ» ያለቻት ጊዜ ጉዳዩን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ተረከብኩት። አስተማሪ ነኝ፣ ሰው ማሰለፍ እወዳለሁ። ደግሞም ፈርቼ ነበር። እናታችን አንድ ቀን «ትንሽ ልረፍ» ብላ መደብ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ቆማ አልሄደችም። እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እትዬ ቤት ገብቼ እሷን እግሯን ዘርግታ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስትጠቀልል ባየኋት ቁጥር ያ መደብ ፊቴ ላይ ይመጣል።

እናም ገና ሳይነጋ፣ በአሥራ አንድ ተኩል፣ መውጣት ጀመርን። ለሰው የምንናገረው ምክንያት «የንጋት አየር መድኃኒት ነው» የሚል ነበር። እውነተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። በዚያ ሰዓት በጭለማ ውስጥ ነጠላ ለብሳ የምትሄድን ሴት ያየ ሁሉ ኪዳን ለማድረስ የምትሄድ ይመስለዋል። የቄስ ሚስት ያለ ጉዳይ፣ እንዲያው ለመራመድ ብላ፣ አስፋልት ላይ ስትመላለስ ማንም አያይም።

የመረጥኩት መንገድ ዋናውን አስፋልት ነበር፤ ሜዳ ነው፣ እግር አያደናቅፍም። ጫፉ ላይ የሊማሊሞን ቁልቁለት ሊወርዱ ያደሩ የጭነት መኪኖች ተደርድረው ይቆማሉ። ሾፌሮቹ በዚያ ብርድ ሞተር ያሞቃሉ። ከየጓሮው የኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል እሳት ይቀጣጠላል። ከተማው መሐል ላይ የተኛውን ግራጫ ነገር እኛ ጉም እንለዋለን። የስሜን አገር ሰው ጉም አይፈራም፤ ጉም ውስጥ ተወልደን ጉም ውስጥ ነው ያደግነው። «ሳቢ!» እላታለሁ፣ ከመኪኖቹ ጭስ ማውጫ ጎን ቆሜ። «በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እስከ ሆድሽ!»

እትዬ ከልጅነቷ አስም አለባት። ትስላለች። እኔ ደግሞ ምን እላት እንደነበር ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። «አይዞሽ፣ ቆሻሻው እየወጣልሽ ነው» እላት ነበር።

ለኅዳር ሚካኤል ከተማው ሁሉ እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ጠርጎ አቃጠለ። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል፤ በሽታ በጭስ ይባረራል ብለው አባቶቻችን ያወረሱን ነገር ነው። በአባቶቻችን ጊዜ ግን የሚታጠነው ቅጠልና ገለባ ነበር እንጂ ፌስታልና አሮጌ የላስቲክ ጫማ አልነበረም። እኔም ተማሪዎቼን አሰልፌ የትምህርት ቤቱን ግቢ አስጠርጌ አንድ የቤት ቁመት የሚያህል ክምር አስለኩሻለሁ። በማግሥቱ ሲነጋ ክምሩ ሁሉ ገና ውስጥ ውስጡን ያጨሳል። እኛ ወጣን።

ከመኪኖቹ አጠገብ ስንደርስ እትዬ ቆመች። የመብራት ምሰሶውን በሁለት እጇ ያዘች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ ደረቷ እንደ ዋሽንት ያፏጭ ጀመር፣ ከንፈሯ መልኩን ለወጠ። ልታናግረኝ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እኔ አሁንም «ሳቢ፣ ሳቢ» እያልኩ ነው። አንድ ሾፌር ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ገፋ አደረገኝና «እሜቴ፣ አይዞዎት» ብሎ አቅፏት ከጭሱ አወጣት፤ ባጃጅም እሱ ነው ያስቆመልን። ጤና ጣቢያ በጭንብል መድኃኒት አነፈሱላት። ግማሽ ሰዓት የሚያህል ቆይታ ዓይኗን ገለጠች፤ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሲስተሯ የዳባት ልጅ ናት፤ ገና ወጣት፣ ድምፀ ቀጭን፣ ነገር ግን ፊት አይታ የማትፈራ። «በስንት ሰዓት ነው የምትራመዱት?» አለችኝ። በኩራት ነገርኳት። እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«መምህር፣ ያ እኮ ጉም አይደለም። ጭስ ነው። ብርዱ ከላይ ይጫነውና አይነሳም። እሳቸው ደግሞ ሲራመዱ ቁጭ ካለ ሰው ይልቅ ብዙ ነው የሚስቡት። ፀሐይ ወጥታ ምድሩ እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይነሳል። ከአስፋልት ይራቁ። ነፋስ ወዳለበት ከፍታ ይሂዱ። ነጠላ በአፍንጫ ላይ ማድረግ አቧራ ይመልስ እንደሆን እንጂ ይሄን ጭስ አይመልስም። ደረታቸው ካፏጨ ቁጭ ይላሉ፤ ጀግንነት የለም። ጭሱ ያልተነሳ ቀን እዚያው ቤታቸው ውስጥ ይንቀሳቀሱ። የሚሳበው መድኃኒትስ የት አለ?»

የሚሳበው መድኃኒት እትዬ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ እንዳያልቅባት ቆልፋበት።

እኔ የአካባቢ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። የአየር ብክለትን በየዓመቱ አስተምራለሁ። መጽሐፉ ላይ ረጃጅም ጭስ ማውጫ ያለው ፋብሪካ ተስሏል፤ እኔም ለልጆቹ «ደባርቅ ፋብሪካ የለም፣ ስለዚህ አየራችን ንጹሕ ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገልብጫለሁ። በዚያ ቀን ጤና ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያ የጻፍኩት ነገር በስንት ልጅ ደብተር ላይ እንዳለ አሰብኩ። አፈርኩ።

ሲስተሯ ያለችውን በዓይኔ ለማየት በማግሥቱ እሷ ወደምትኖርበት ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ሳየው ከተማችን ክዳን እንደተደፋበት ድስት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና ጥቂት ባሕር ዛፍ ብቻ ብቅ ብለዋል። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ክዳኑ መጀመሪያ ተሰነጣጠቀ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ተነሥቶ ሄደ። ሮጬ ወርጄ ለእትዬ ነገርኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

«በቃኝ» አለች። «እግዚአብሔር ቁጭ በይ ካለኝ ቁጭ እላለሁ።»

«እግዚአብሔር አይደለም ያለሽ፤ ያልሽው አንች ነሽ። እንደ እማ ልትሆኝብኝ ነው!» ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ አለቀስኩ፤ አስተማሪ ሆኜ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። እትዬ ጧፏን አስቀመጠች።

«በሦስት ሰዓት?» አለች። «በጠራራ ፀሐይ? ሰው ሁሉ ሱቁን ከፍቶ? ምን ልሠራ ነው የምሄድ ልበላቸው?»

መፍትሔ አለኝ አልኩ። ዘንቢል ይዘን ወጣን፣ ለጉዳይ የምንሄድ እንድንመስል። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለማስተምር ጠዋቴ ነፃ ነው። መቶ እርምጃ ሳንሄድ አንዷ ጎረቤት «ወፍጮ ቤት ከሆነ ይችን ጨምሩልኝ» ብላ ጤፍ ዘንቢላችን ውስጥ ገለበጠች። ሌላዋ ሽንኩርት ግዙልኝ አለች። አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው መልእክት ሰጡን። ዘንቢሉ ሲሞላ እትዬ ትክ ብላ አየችኝ። የሰው ጤፍ አስፈጭተን ተመለስን። ሦስት ቀን በሯን አልከፈተችልኝም።

በአራተኛው ቀን ግን ራሷ ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው።

«ተነሽ፣ ልበሽ። ለቅሶ እንሄዳለን።»

«ማን ሞተ?»

«ዝም ብለሽ ልበሽ።»

ለበስኩ። ከሰፈራችን ጫፍ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር የሚጀምረውን የእግር መንገድ ይዛ ከአስፋልቱ ርቃ ሽቅብ ወጣች። ሰው ያገኘን እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ ያሳልፈናል። ወንዶች ቆብ ያወልቃሉ። አንድ ባጃጅ እንኳ ጥሩምባውን ሳይነካ ዳር ይዞ ቆመልን። ማንም «ወዴት ነው?» አላለም፤ ለቅሶ የሚሄድን ሰው ማን ያስቆማል? የገብስ ማሳው ጋ ስንደርስ ነፋሱ ከስሜን በኩል መጣ፣ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፣ ግን ንጹሕ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። «እትዬ፣ ማንም አልሞተም እንዴ?» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ምሰሶውን ከያዘችበት ጠዋት ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። የሚሳበው መድኃኒቷ ከሣጥኑ ወጥቶ በመቀነቷ ተቋጥሮ አየሁ።

በማግሥቱም ሄድን፣ በሣልስቱም። ሐሰትና ስንቅ እያደር ያልቃል የሚሉት እውነት ነው። አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየልንም።

ለቅሶ መሄድ በጀመርን በአምስተኛው ቀን ከጽዱ ሥር ስንደርስ ከኋላችን ኮቴ ሰማሁ። ዘወር ብል ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ናት፤ ሱቋን ዘግታ፣ ሻሿን አጥብቃ። ሙስሊም ናት፤ እኛ ሰፈር ግን ለቅሶና ሠርግ ላይ ማን ምን እንደሆነ አይጠየቅም። ከእሷ ኋላ ሁለት ሴቶች፣ ከእነሱ ኋላ አራት። ከሁሉም ኋላ እያለከለከች የእድራችን ጸሐፊ። ይች ሴት ምላሷ ምላጭ ነው፤ በከተማው ውስጥ ያለ እሷ ዕውቀት የሚሞት ሰው የለም።

እትዬ አየቻቸው። ፍጥነቷን ጨመረች። እነሱም ጨመሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንዲቱማ ደረቷን መታ መታ እያደረገች «ወይኔ፣ ወይኔ» ትላለች። «እትዬ ምን እናድርግ?» እላለሁ በሹክሹክታ። «ሂጅ ብቻ» ትለኛለች። ምን ይሆናል ብላ እንዳሰበች እስካሁን አላውቅም። መንገዱ እንደሆነ አለቀ። ከፊታችን የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ሁለት በግ፣ ከዚያ ወዲያ ገደልና ሰማይ። ቤት የለም። ጭስ እንኳ የሚታይበት ጎጆ የለም።

ስምንት ሴት ዙሪያችንን ቆመ። ሁሉም ትንፋሹን ይሰበስባል።

«ቤቱ የት ነው?» አለች ጸሐፊዋ። «ጥሩምባ ሳይነፋ፣ ለእድር ሳይነገር፣ የማን ለቅሶ ነው ይሄ?»

እኔ አፌን ከፈትሁ። «ትንሽ ወረድ ብሎ ነው…»

«ተይ አትዋሽ» አለች እትዬ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አወረደችና ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንደ ደህና ቀን ለበሰችው። የቄስ ሚስት በአደባባይ ስትዋሽ መያዝ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ለቅሶው የኔው ነው» አለች። «ቤቴ ቁጭ ብል ዓመት ሳይሞላ ጥሩምባው ለእኔ ይነፋ ነበር፤ እናንተም እንዲህ አዘቅዝቃችሁ ትመጡልኝ ነበር። ሳልሞት ልሂድበት ብየ ነው።»

ከዚያ ጸሐፊዋ ገነፈለች። «ሟርት! በለቅሶ ይቀለዳል? የቄስ ሚስት ሆነሽ! እኔ እኮ መንገዱን ሙሉ አልቅሼ ነው የመጣሁት። ለማን እንዳለቀስሁ ንገሪኝ!»

«ለኔ» አለች እትዬ።

«እንግዲያው ስትሞች አላለቅስልሽም። አልቅሼ ጨርሻለሁ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ጨርቅ ነጋዴዋ ናት። ልትይዘው ሞከረች፣ አመለጣት፣ ማሳው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። ጸሐፊዋ እስከ መጨረሻው ተኮሳትራ ቆይታ እትዬን ቀና ብላ ስታያት እሷም ተበጠሰች፤ እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች፣ እየጠረገች ትሳደባለች። በጎቹ ሸሹ። እኔ በሕይወቴ በለቅሶ ልብስ እንደዚያ ሲሳቅ አይቼ አላውቅም።

ሳቁ በረድ ሲል እትዬ ጣቷን ወደ ታች ቀሰረች። ያን ቀን ጭሱ ዘግይቶ ነበርና ገና ከከተማው ላይ እየለቀቀ ነው። «እዩት» አለች። «ጉም የምንለውን እዩት። በዚያ ውስጥ ነው በየማለዳው የምንስብ።» ሁሉም አዩ። የየራሳቸውን ጣሪያ እየፈለጉ ብዙ ቆሙ። ጸሐፊዋ ስለ ጉልበቷ ማውራት ጀመረች፤ አንዲቱ ሳሏ ማለዳ ማለዳ ለምን እንደሚብስባት አሁን ገባኝ አለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማሪ መሆኔን ረስቼ አደመጥሁ።

ጸሐፊዋ የእድር ሰው ናትና ቅጣት ሳትጥል አልወረደችም። ቅጣቱ ሁለት ነበር፤ በሚቀጥለው ቀን ለመላው ሴት የሚበቃ ቆሎ ይዘን እንድንመጣ፣ ከእንግዲህ ደግሞ ነጠላ ያለ ለቅሶ እንዳናዘቀዝቅ። የሚቀጥለው ቀን የተባለው እንዴት እንደመጣ ያስተዋለ የለም፤ እንዲያው ሁሉም እንደሚመጣ ታወቀ። በሦስት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በደህና ቀን ልብስ ወጣን። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ «ምነው፣ ፈረንጅ ሆናችሁ እንዴ?» ቢል ጸሐፊዋ «እናትህን ለምን አታመጣትም፣ እኔ እንዳልቀብራት!» አለችው። በሳምንቱ እናቱ መጣች።

ጭሱ አልነሣ ያለ ቀን ጨርቅ ነጋዴዋ ስልክ ትደውላለች፤ በየቤታችን እንቀራለን። እንደዚያ ባለ ቀን እትዬ መጋረጃዋን ዘግታ በጓዳዋ ዙሪያ እየተመላለሰች ዳዊቷን ትደግማለች። እኔ ደግሞ ሰሌዳዬ ላይ የጻፍኩትን አጥፍቼ ተማሪዎቼን አንድ ማለዳ ላይኛው ሰፈር ድረስ ወስጄ ከተማቸውን አሳየኋቸው። ሲስተሯም የእትዬን ስኳር ለክታ ፊቷ ፈካ፤ «በዚሁ ይቀጥሉ» አለቻት።

ነገር ግን አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ያንን የምሰሶውን ጠዋት እኔና እሷ አንስተን አናውቅም። ፊቷን ወደ ግድግዳው ማዞሯን አልረሳሁም። እሷም አትለኝም፣ እኔም አልጠይቃትም።

ከፋሲካ በኋላ ሴቶቹ ሚኒባስ ተነጋግረን አንድ ቀን በጎንደር መንገድ ወዳለው ኮሶዬ ሄድን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ለመራመድ። ከሚኒባሱ ወርደን ዳገቱን ስንጀምር እትዬ ከፊት ሆነች፣ እኔ ተከተልኋት። ሌሎቹ ገና ከታች ፎቶ ይነሳሉ። ፊቷን ሳላይ መናገር ይቀለኛል ብዬ፣ ከጀርባዋ ሆኜ አወጣሁት።

«እትዬ፣ ያን ጠዋት ልገድልሽ ነበር። ሳቢ እያልሁ ጭሱን ያስዋጥሁሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ዞር አላለችም፤ እንደሄደች ጀመረች። «አንች ልጅ፣ ይሄን ለመናገር ይሄን ያህል ወር ፈጀብሽ? ያን ጠዋት ምሰሶውን ይዤ ምን ሳስብ እንደነበር ታውቂያለሽ? ነፍሴን እንዳይመስልሽ። ይችን ልጅ አንድ ጥፊ ሳላቀምሳት ልሞት ነው እያልሁ ነበር! ጭስ መሐል ቆመሽ ሳቢ ትይኛለሽ፣ ስስል ቆሻሻው እየወጣልሽ ነው ትይኛለሽ! ማነው አስተማሪ ያደረገሽ? ፊደል ያስቆጠርሁሽ እኔ! ከልጅነትሽ እንዲሁ ነሽ፤ ዶሮዋ ታመመች ብለሽ በርበሬ ያጎረስሻት ማን ነበር? ማን ቀበረልሽ? እኔ! ምሰሶው ላይ ሆኜ ደግሞ አሁን ብሞት ይች ልጅ ገደልኳት ብላ ዕድሜ ልኳን ስታለቅስ ልትኖር ነው፣ የኔ ነገር፣ ብዬ ስሰጋ ነበር፤ ስለዚህ ነው አልሞትም ያልሁት፤ ለራሴ እንዳይመስልሽ፤ ጤና ጣቢያም ፊቴን ያዞርሁብሽ እንባዬን እንዳታይ ነው እንጂ ማን ተቀየመሽ…»

እንባዬ ይወርዳል፣ ዳገቱ ይከብደኛል፣ ቆም ብዬ መተንፈስ እፈልጋለሁ፤ እሷ ግን ስለማትቆም ልቆም አልቻልሁም። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት። ከታች፣ ከሚኒባሱ ጀምሮ፣ ያን ሁሉ ዳገት እየወጣች አንድም ጊዜ ሳትቆም ስትሰድበኝ ነበር። ደረቷ አላፏጨም። ቃል አልጎደለባትም።

ልነግራት አልሁ፤ ብነግራት ቆማ ራሷን የምታዳምጥ መሰለኝና ተውሁት።

«እሺ እትዬ» አልኋት፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። «ሌላስ?»

ሌላም ነበራት።